መዝገቡ ላይ ያሉ፣ ጉባዔው ላይ የሌሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ ይኸውም ወጣቶች በበይነ መረብ ላይ ስለሚያቋቁሟቸው ምስለ መንግሥታት ሕገ መንግሥትና የሕግ አወጣጥ ሥርዓት ነው። ነገሩ ለሚያስገርማቸው አንባቢያን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ምስለ መንግሥት በሕግ ትምህርት ቤቶች የምናውቀው የምስለ ችሎት ታላቅ ወንድም ነው። አባላቱ ፓርቲ ይመሠርታሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ረቂቅ ያቀርባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የሚያወጡት ሕግ ግን ከራሳቸው በቀር ማንንም አይገዛም። «ጨዋታ ነው» ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ለረጅም ዓመታት የሕግ ረቂቅ ሲጻፍና ሲታረም አብሬ ስለኖርሁ፣ በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ የተገለጹት ስህተቶች በእውነተኛ ምክር ቤትም ሆነ በሰፈር ማኅበር ከሚፈጸሙት ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይቻለሁና፣ መልሴን የምሰጠው ለእውነተኛ ምክር ቤት እንደምሰጠው አድርጌ ነው።

ጥያቄ፦ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተሰባሰብን ተማሪዎች በቴሌግራም አንድ ምስለ መንግሥት ካቋቋምን ሦስት ዓመት ሆኖናል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 «ይህ ሕገ መንግሥት የሚሻሻለው የአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፈው ነው» ይላል። በመዝገባችን 143 አባላት አሉ፤ በክርክርም ሆነ በድምፅ አሰጣጥ የሚሳተፉት ግን 60 ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት የቀረቡት ሦስት ማሻሻያዎች አንድም ተቃዋሚ ሳይኖራቸው ወደቁ። የሚሳተፈው አባል በአብላጫ ድምፅ አንቀጽ 32ን ቢለውጠው ምን ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እጃችሁን ያሰረው «ሁለት ሦስተኛ» የሚለው ሐረግ ሳይሆን ከፊቱ ያለው «የአባላት» የሚለው ቃል ነው። የ143 ሁለት ሦስተኛ 95 ከሲሶ ስለሆነ 96 ድምፅ ያስፈልጋችኋል፤ ስድሳችሁም አንድ ሰው ሳይጎድል ብትደግፉ ገና 36 ይቀራችኋል። እነዚያ 36 ሰዎች አልተቃወሟችሁም፤ ሕጋችሁ ግን የሌለውን ሰው ከተቃዋሚ ለይቶ አያውቀውም።

ይህ በበይነ መረብ የተወለደ ችግር አይደለም። እኔ የምገኝበት ዕድር ከጥቂት ዓመታት በፊት ወርኃዊ መዋጮውን ከፍ ለማድረግ መተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻል ፈልጎ ነበር፤ ደንቡም እንደ እናንተው «ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛ» ይላል። እሑድ ጠዋት ጸሐፊው ከድንኳኑ ሥር ቆመው፣ ጠርዙ የተበላውን መዝገብ ገልጠው ስም ሲጠሩ፣ መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሰማ የነበረው «አቤት» እየሳሳ ሄደ። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ ነበሩ፤ ዓረብ አገር የሄዱ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን ራሱ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ የቀበራቸው የሦስት ሰዎች ስም መጠራቱ ነው። ስማቸው ስላልተሰረዘ እነርሱም ማሻሻያውን እንደተቃወሙ ሆነው ተቆጠሩ። የዕድሩ ዳኛ «የተገኘነው በቂ ነን፣ አጽድቀነዋል» እንዲሉ ብዙ ሰው ቢጎተጉታቸውም እምቢ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ለቤት እየተዞረና ስልክ እየተደወለ መዝገቡ ከተጣራ በኋላ ግን ማሻሻያው በአንድ ስብሰባ አለፈ። ለእናንተም የምመክረው የእርሳቸውን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ፣ አንቀጽ 32 በአብላጫ ድምፅ ሊለወጥ የማይገባው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከስድሳችሁ ውስጥ 31 ሰዎች ዛሬ ይህን አንቀጽ መለወጥ ከቻሉ፣ ሌሎች 31 ሰዎች ነገ የዛሬውን ሊሽሩት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሕገ መንግሥታችሁ ከተራ ሕግ የሚለየው በስሙ ብቻ ይሆናል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ይህን በር የዘጉት በአንቀጽ 105 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች የሚደነግገውን ምዕራፍ ሦስት ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። ይኸው ጥብቅ ሥርዓት ማሻሻያ የሚመነጭበትን አንቀጽ 104ንና ራሱን አንቀጽ 105ንም ይጨምራል። የቀሩት ድንጋጌዎች የሚሻሻሉበት መንገድ ቀለል ይላል። የማሻሻያው አንቀጽ ራሱን ከሌሎቹ አንቀጾች ያላነሰ ካልጠበቀ ሌሎቹን ሊጠብቅ እንደማይችል አርቃቂዎቹ በሚገባ ተረድተውት ነበር።

እንግዲህ በሕጋዊው መንገድ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ሕገ መንግሥታችሁ «አባል» ማለት ማን እንደሆነ ይተረጉም እንደሆነ ተመልከቱ። አንዴ የተመዘገበ ሁሉ እስከ ወዲያኛው አባል ነው የሚል ከሆነ መንገዱ ተዘግቷልና እያንዳንዱን ሰው ፈልጋችሁ 96 ድምፅ ከማሰባሰብ በቀር ምርጫ የላችሁም። ዝም የሚል ከሆነ ግን፣ እንደ አብዛኞቹ ዝም ይላል ብዬ እገምታለሁ፣ የአባላት መዝገብ በየጊዜው እንዲታደስ የሚያዝዝ ተራ ሕግ በመደበኛው ሥርዓት ልታወጡ ትችላላችሁ። ይህ መንገድ ቅን ሆኖ እንዲቆጠር ግን መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ለ143ቱም ሰዎች ለየራሳቸው መልእክት ሊላክላቸው ይገባል፤ በቡድኑ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይበቃም፤ ቡድኑን ድምፅ አልባ አድርጎ የተወ ሰው አያየውምና። ቢያንስ አንድ ወር ይሰጣቸው። ያልመለሱት ከአባልነት አይሰረዙ፤ «ያልታደሰ አባል» ተብለው ይመዝገቡ፤ በተመለሱበት ሰዓትም ያለ ምንም ጥያቄ ሙሉ መብታቸው ይመለስላቸው። የመዝገቡ ሕግና የአንቀጽ 32 ማሻሻያ በአንድ ስብሰባ አይቅረቡ፤ ሁለቱ ተጣምረው ከመጡ መዝገቡ የተጣራው ተቃዋሚን ለመቀነስ ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሣል፤ ጥርጣሬውም መሠረት የለሽ አይሆንም።

መዝገቡ ከታደሰ በኋላ አንቀጽ 32ን ስታሻሽሉ ደግሞ ብዙዎች ከሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ ተጠንቀቁ። «ግማሽ አባላት ድምፅ ከሰጡና ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ከደገፉ ይጸድቃል» የሚለው አጻጻፍ ጥሩ ይመስላል። የታደሰው መዝገብ 66 ሰው አለው እንበል፤ ምልዓተ ጉባዔው 33 ይሆናል። 30 ሰው ቢደግፍና 2 ቢቃወም የድምፁ ድምር 32 ስለሆነ ማሻሻያው ይወድቃል። ሦስተኛ ተቃዋሚ መጥቶ «እቃወማለሁ» ቢል ግን ቁጥሩ 33 ይሞላና ያው ማሻሻያ ይጸድቃል! መቃወም የሚጠቅመው የሚቃወሙትን ነገር ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብልህ ተቃዋሚ ቤቱ ይቀመጣል፤ ክርክሩም ይሞታል። ከዚህ ይልቅ መለኪያውን በደጋፊው ላይ ብቻ አድርጉት፦ «ማሻሻያው የሚጸድቀው የደጋፊው ቁጥር ከተቃዋሚው እጥፍ ያላነሰ፣ ከታደሰው መዝገብም ሲሶ ያላነሰ ሲሆን ነው።» በዚህ አጻጻፍ ድምፅ ሳይሰጥ በመቅረት ማሻሻያ መጣል የሚችል የለም፤ የመጣ ተቃዋሚ ምንጊዜም ከቀረው ይልቅ ይከብዳል። ድምፀ ተዓቅቦም ከሁለቱም ወገን ሳይቆጠር በቃለ ጉባዔው ላይ ይመዘገባል።

የማሻሻያ መንገድ ተዘግቶ እንዳይቀር የተጨነቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ፒተር ሱበር እ.ኤ.አ. በ1982 ኖሚክ የተባለ ጨዋታ አስተዋውቆ ነበር፤ በጨዋታው የተጫዋቹ ተራ ማለት የጨዋታውን ሕግ ለመለወጥ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ከእርሱ የተወለደውና እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በበይነ መረብ ያለማቋረጥ ሲካሄድ የቆየው አጎራ፣ የሚቆጥረው የተሰጡትን የድጋፍና የተቃውሞ ድምፆች ንፅፅር ነው። ሕጉ በከበደ ቁጥር የሚጠየቀው ንፅፅር ይጨምራል፤ ለከባዶቹ ሕጎች ለአንድ ተቃዋሚ ሦስት ደጋፊ ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ የምወድለት ግን አንድ ድንጋጌውን ነው፤ የትኛውም ለውጥ በአራት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሕግን ማሻሻል የማይቻልበት ሁኔታ የሚፈጥር ከሆነ ለውጡ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ከ30 ዓመት በላይ ሰው እየመጣና እየሄደ ጨዋታው ሳይቆም የቀጠለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እናንተም ይህን የመሰለ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንቀጽ 32 መጨረሻ ላይ ብታክሉ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አባል የሆንሁበት ምስለ ፓርላማ አባላት በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በሰሜን አሜሪካ ይገኛሉ። በቅርቡ በአንድ ረቂቅ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜ «ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ተብሎ ተለጠፈ። እዚህ ያለን ዘጠኝ አባላት እኩለ ሌሊት ማለት መስሎን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተቃውሞ ድምፅ ሰጠን። አፈ ጉባዔው «ዘግይታችኋል» ብለው ድምፃችንን ሳይቆጥሩ ረቂቁ በ41 ድጋፍና በ38 ተቃውሞ ጸድቋል አሉ። ትክክል ናቸው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አፈ ጉባዔው በአገር ቤት አቆጣጠር ማሰባቸው አያስወቅሳቸውም። ለአዲስ አበባ ሰው ምሽት 12 ሰዓት ማለት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ በዚያች ሰዓት በእናንተ ዘንድ፣ በበጋው የሰዓት አቆጣጠር፣ ገና ረፋድ ነው፤ የእጅ ሰዓታችሁ 11 ይላል። እናንተ የጠበቃችሁት እኩለ ሌሊት ደግሞ በአዲስ አበባ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል 13 ሰዓት አለ፤ ዘጠኙም ድምፆች የወደቁት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

የሥነ ሥርዓት ሕጋችሁ የትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ካልደነገገ፣ ማስታወቂያው በቅንነት በሁለት መንገድ ሊነበብ የሚችል ነበርና፣ የአሻሚው አጻጻፍ ዕዳ በመራጩ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ ረቂቁ ጸድቋል መባሉን አልቀበለውም። ይሁን እንጂ ዘጠኙ ድምፆች ተደምረው 41 ለ47 ወድቋል ይባል ማለትንም አልደግፍም። በቴሌግራም የድምፅ መስጫ ድምፅ የሰጠ ሁሉ ውጤቱን እያየ ስለሚሄድና የሰጠውን ድምፅ መልሶ ማንሳትም ስለሚችል፣ የአዲስ አበባዎቹ ተዘግቷል ብለው ከተነሡ በኋላ የመጣ ድምፅ ስንት እንደሚበቃው አውቆ የመጣ ድምፅ ሊሆን ይችላል። እናንተ እንደዚያ አድርጋችኋል አልልም፤ ሕግ ግን የሰዎችን ልብ መርምሮ ሊቆጥር አይችልም። ፍትሐዊ የሚሆነው በዚያው ረቂቅ ላይ፣ አንድ ቃል ሳይለወጥበት፣ እንደገና ድምፅ መስጠት ነው።

ለወደፊቱ ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜ በሰዓት ርዝመት ይወሰን፤ «ከተከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ 72 ሰዓት» ቢባል የአገርም የቀን አቆጣጠርም ልዩነት አይነካውም። በጅዳ በፈረቃ የምትሠራ እህት ከሦስት ቀን ውስጥ አንድ የዕረፍት ሰዓት አታጣም። ተጫዋቾች የምናብ አገር በሚያስተዳድሩበት ኔሽንስቴትስ በተባለው የበይነ መረብ ጨዋታ፣ አገሮቹ በሚሰበሰቡበት «የዓለም ጉባዔ» ውሳኔ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ለአራት ቀን ነው፤ በአጎራ ሰባት ቀን ነው።  ረቂቁም ከመጀመሪያ ንባብ በኋላ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ የመጨረሻው ቃል ከተወሰነ ወዲያ፣ ድምፅ መስጫው ከመከፈቱ በፊት፣ ጽሑፉ ይቆለፍ። በቴሌግራም የተለጠፈ ጽሑፍ ኋላ ሊታረም ስለሚችል፣ ከታችም «ታርሟል» ከሚል ምልክት በቀር ምን እንደ ተለወጠ አባላት ስለማያዩ፣ ጸሐፊው የተቆለፈውን ረቂቅ በፋይል አድርጎ ይለጥፈው። የድምፅ መስጫው የሰጪውን ስም የሚያሳይ ይሁን፤ በተዘጋበት ደቂቃም የስም ዝርዝሩ በቃለ ጉባዔ ይያዝ።

ጥያቄ፦ የምስለ መንግሥታችን ቡድን መሥራች ምንም ዓይነት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አልተሰጠውም። ነገር ግን የቡድኑ ባለቤት እርሱ ስለሆነ ያልወደደውን ሕግ ከመዝገቡ አልለጥፍም ይላል። በማሻሻያ ልናስቆመው እንችላለን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በማሻሻያ ብቻ አትችሉም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ቁልፉን የያዘ ሰው በሕገ መንግሥታችሁ ውስጥ ስሙ ባይጠራም ከሕገ መንግሥታችሁ ውጭ ገዢ ነው። ኔሽንስቴትስን እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈተው አውስትራሊያዊው ጸሐፊ ማክስ ባሪ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የነበረው ጉባዔ መጀመሪያ «የተባበሩት መንግሥታት» ይባል ነበር፤ አባላቱም ብዙ ውሳኔ ሲያሳልፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእውነተኛው ድርጅት በመጣ ደብዳቤ የተነሣ ግን ስሙ «የዓለም ጉባዔ» ተባለ። የጉባዔው ስም የተለወጠው ጉባዔው ድምፅ ሳይሰጥበት ነው።

ስለዚህ መሥራቹን ችላ ከማለት ይልቅ በሕጉ ውስጥ አስገቡት፤ ሥልጣን ሳይሆን ግዴታ ስጡት። ለዚህ የሚሆን ጥሩ አብነት በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 ላይ አለ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ለፕሬዝዳንቱ ይቀርባል፤ ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። እናንተም «መሥራቹ የጸደቀ ሕግ በ5 ቀን ውስጥ ይለጥፋል፤ ባይለጥፍ አፈ ጉባዔው ያወጡት ጽሑፍ እንደ ሕግ ይጸናል» ብትሉ ዝምታው ኃይል ያጣል። ከዚህ ጎን ለጎን ከእርሱ ጋር ተነጋግራችሁ፣ በምርጫ የሚመጣው አፈ ጉባዔና አንድ የተመረጠ ዳኛ የቡድኑ አስተዳዳሪ እንዲሆኑ አድርጉ፤ መዝገቡንም በየወሩ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱት። ይህን ሁሉ እምቢ ካለ፣ ሕዝቡ ያለበት ቦታ ነው መንግሥቱ፤ አዲስ ቡድን መክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መዝገቡን ቀድታችሁ ከሆነ ግን ብቻ ነው ይህ የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ሕግ ስናሻሽል የተለወጠውን ቃል ብቻ እንጻፍ ወይስ ሙሉውን ሕግ ሽረን እንደገና እናውጣ? ባለፈው የሥራ ዘመን ቀርቦ ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅስ ለአዲሱ ምክር ቤት ይተላለፋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በኔሽንስቴትስ የዓለም ጉባዔ ማሻሻል የሚባል ነገር የለም፤ የጸና ውሳኔ መሻር እንጂ መታረም አይችልም፤ ለውጥ የፈለገ ሽሮ በሌላ ይተካዋል። ይህ አሠራር ጽሑፉን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ግን ለአንዲት ቃል ሲባል ሙሉው ክርክር እንደገና ይከፈታል፤ በመሻሩና በመተካቱ መካከልም ሕግ የሌለበት ጊዜ ይፈጠራል። ለእናንተ የሚበጀው የነጋሪት ጋዜጣችን ልማድ ነው። «በሚለው ቃል ምትክ» እያሉ ቃል ከመልቀም፣ የሚለወጠውን ንዑስ አንቀጽ በሙሉ ጻፉት፦ «የአዋጁ አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ (2) ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ ንዑስ አንቀጽ (2) ተተክቷል።» በማግሥቱም ጸሐፊው ማሻሻያውን ያካተተ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ያውጣ። ሕገ መንግሥቱ በስድስት ቦታ ተበታትኖ የሚነበብ ከሆነ አዲስ አባል የትኛው እንደሚሠራ ሊያውቅ አይችልም።

ስለ አሮጌው ረቂቅ፣ ሕጋችሁ የጊዜ ገደብ ካላስቀመጠ ረቂቁ አልሞተም ለማለት ይቻላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1789 በኮንግረስ የቀረበ አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጊዜ ገደብ ስላልተደረገበት ሲንከባለል ቆይቶ 27ኛው ማሻሻያ ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ጉዳዩን የቀሰቀሰው ግሪጎሪ ዋትሰን የተባለ የቴክሳስ ተማሪ ሲሆን፣ ረቂቁ ገና ሕያው ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1982 ለጻፈው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጽሑፍ የተሰጠው ውጤት ሲ ነበር፤ ወደ ኤ የተለወጠለት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በምስለ መንግሥት አባላት በየሴሚስተሩ ይለዋወጣሉና ሁለት መቶ ዓመት የሚጠብቅ ረቂቅ አያስፈልጋችሁም። በሥነ ሥርዓት ሕጋችሁ «የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ ሁሉ ይዘጋል፤ በአዲሱ ምክር ቤት አንድ አባል በስሙ ካቀረበው ግን ከመጀመሪያ ንባብ ይጀምራል» የሚል ድንጋጌ አስገቡ። ድንጋጌው ከጸደቀበት ቀን በፊት የቀረቡት ረቂቆች በየትኛው ሥርዓት እንደሚስተናገዱም በመሸጋገሪያ ድንጋጌው ላይ ስማቸውን እየጠራችሁ ጻፉ።